እርማት፦ የጎደለ ውጤት ሲተካ ክላስተሩ አይዘለልም
ዕጣ በግለሰብ ሳይሆን በቡድን (በክላስተር) በሚወጣባቸው ሙከራዎች፣ «የመጨረሻው ትንተና ክላስተሩን ከግምት እስካስገባ ድረስ የጎደለው ውጤት በተራ መልቲፕል ኢምፒውቴሽን (የጎደለውን በተለያዩ ግምታዊ ዋጋዎች ደጋግሞ በመሙላት) ቢተካ ችግር የለውም» የሚለው በሰፊው የሚታመን ቢሆንም ትክክል አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እንደተካሄደው የትራኮማ ሙከራ ዕጣው በንዑስ ቀበሌ ሲወጣ፣ የአንድ ንዑስ ቀበሌ ሕፃናት ውጤት እርስ በርስ ይመሳሰላል፤ ምትኩ ክላስተሩን ሳይለይ ከሁሉም ድብልቅ ከተቀዳ ግን መመሳሰሉ ይደበዝዛል፣ የክላስተር ውስጥ ትስስሩም ከእውነቱ አንሶ ስለሚገመት የመተማመን ክልሉ (እውነተኛው ዋጋ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ያለ አግባብ ይጠብባል። ብዙዎች እንደ መፍትሔ የሚቆጥሩት በመተኪያ ሞዴሉ ውስጥ ለየክላስተሩ ቋሚ መለያ ማስገባትም፣ በተለይ ትስስሩ ደካማ ሲሆን፣ ክልሉን ከሚገባው በላይ ያሰፋዋል። የሚሻለው የክላስተሩን የዘፈቀደ ተጽዕኖ (ክላስተሮች በዘፈቀደ እርስ በርስ የሚለያዩበትን መጠን) የያዘ ባለ ብዙ ደረጃ የመተኪያ ሞዴል ነው። የጎደለው ውጤቱ ብቻ ከሆነና መጉደሉም በተመዘገቡ የመነሻ መረጃዎች የሚብራራ ከሆነ ግን፣ እነዚያኑ መረጃዎች ያካተተ ቅይጥ ሞዴል (ቋሚና የዘፈቀደ ተጽዕኖዎችን አንድ ላይ የያዘ የትንተና ሞዴል) ያለ ምንም ምትክ ይበቃል።