አረንጓዴው ሲረዝም መንገዱ ይዘጋል

ከስታዲየም ወደ ለገሃር በታክሲ ሲሄድ ያልተበሳጨ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ሹፌሩ ክላክሱን ያስጮኻል፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። የፊተኛው መስቀለኛ መንገድ ጢም ብሎ ስለሞላ የኛ አረንጓዴ እያየነው ያልቃል።

እንዲህ ሲሆን ትራፊክ ፖሊሱ መብራቱን ትቶ በእጁ ማስተናገድ ይጀምራል፤ ረጅሙን ወረፋም እስኪያልቅ ይለቀዋል። ለብቻው ላለ ሰፊ የመንገድ መገናኛ ይህ ክፋት የለውም፣ ምክንያቱም ተራ በተቀየረ ቁጥር የሚባክኑት ጥቂት ሰከንዶች ይተርፋሉ። ተቀራርበው ላሉ መገናኛዎች ግን መዘዝ ነው። በሁለቱ መካከል 80 ሜትር አለ እንበል፤ በአንድ መስመር የሚቆሙበት ቢበዛ 12 መኪኖች ናቸው። ከቆመ ወረፋ ደግሞ በየ2 ሰከንዱ አንድ መኪና ገደማ ይወጣል። የአንድ ደቂቃ አረንጓዴ 30 መኪና ለቀቀ ማለት ነው። ቀጣዩ መብራት ቀይ ከሆነ 18ቱ የት ይቁሙ? መስቀለኛው መሃል ላይ ነዋ! ያኔ ከጎን የሚመጣውም ይታገታል፣ መዘጋቱም ወደ ኋላ ወዳለው መገናኛ ይሻገራል።

ስለዚህ አረንጓዴው ማጠር፣ መብራቶቹም መናበብ አለባቸው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 100 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ቀጣዩ መብራት በዚያ ልክ ተከትሎ ይከፈት። እዚያ ቀድሞ የቆመ ወረፋ ካለ ግን ከዚያ በፊት መከፈት አለበት፤ አለዚያ መጪው ከቆመው ኋላ ይደረደራል። በእጅ የሚያስተናግደውም ቢሆን ቀጣዩ መገናኛ ላይ ያለውን ባልደረባውን በሬዲዮ ሳይጠይቅ ባይለቅ ጥሩ ነው። ግራ መታጠፍም በየመገናኛው መፈቀድ የለበትም፣ አንድ ታጣፊ ያችን አጭር ቦታ ይዞ ይቆማልና። መገናኛው አፍ ላይ ሰው የሚጭነው ሚኒባስም ፌርማታው ትንሽ ራቅ ይበልለት።

ቀዩ ሲረዝም እግረኛ ትዕግስቱ ያልቅና በመኪኖች መሃል ይሹለከለካል። በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው እየታወቀ፣ ስለ መብራት ስናወራ የምንቆጥረው መኪና ብቻ ነው። አጭር ተራ ለእግረኛውም አጭር ጥበቃ ነው።

መስቀለኛው መሃል ላይ ቢጫ ሳጥን፣ ማለትም መውጫው ሳይከፈት መኪና የማይገባበትን ምልክት፣ መቀባት ብዙ ወጪ የለውም፤ ማስከበሩ ነው ቁም ነገሩ። ያለ ፌርማታው የጫነ ባለታክሲ ሲቀጣ በየቀኑ አያለሁ። መውጫው ሳይከፈትለት መሃል ገብቶ የተገተረው የቤት መኪና ሲቀጣ ግን እስካሁን አላየሁም።