«ጀነራል» በሚለው ቃል ላይ የተነሳ ክርክር

በጅማ ከተማ፣ ፈረንጅ አራዳ ከሚገኝ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ አምስት ሆነን በተቀመጥንበት፣ በዕፅዋት በሽታ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪዋን ለማጠናቀቅ የተቃረበች ወጣት የመመረቂያ ጽሑፏን አጽሕሮት አውጥታ አነበበችልን። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ጉዳዩ ባለሙያዎች ሲ.ቢ.ዲ. የሚሉት፣ ገና አረንጓዴ የሆነውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ ነው። አማካሪዋ በአንዲት ገጽ ላይ የተደጋገመውን «ጀነራል» የሚለውን ቃል በየቦታው ከብቦ «ሌላ ቃል ፈልጊለት» ብሎ መልሶላታል። እርሷም ኮምፒውተሩ የደረደረላትን ይዛ መጥታለች፦ ኮመን፣ ዋይድስፕሬድ፣ ፕሪቫለንት፣ ዩኒቨርሳል፣ ጀነሪክ፣ ኦቨርኦል።

«ጋሼ፣ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ባስገባ ምን ይጎድላል? ሁሉም ያው ብዙውን የሚያዳርስ ማለት አይደሉም እንዴ?» ስትል ጡረታ የወጡትን የእንግሊዝኛ መምህር ጠየቀቻቸው።

መምህሩ በዚህ አልተስማሙም። «ልጄ፣ ዩኒቨርሳል ካልሽ አንድም ያልታመመ የቡና ዛፍ የለም ብለሽ ምለሻል። ጀነራል ስትዪ ግን አብዛኛውን ይዘሽ ለጥቂቱ ቦታ ትተሻል። ኮመን የመደጋገም ነገር ነው፤ ዋይድስፕሬድ የቦታ ስፋት ነው። ፕሪቫለንትን ለኮመን ምትክ ልታደርጊው ትችያለሽ፤ ለምሁራን ጽሑፍ የተሻለ ይስማማል እንጂ ልዩነት የለውም» አሏት።

ቡና ነጋዴው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሩ አልጣመውም ነበር። ቃል መለዋወጥ ለምን እንዳስፈለገ ጭራሽ አልገባውም። «እኔ በውል ላይ ጀንፈል ብዬ ከጀመርሁ እስከ መጨረሻው ጀንፈል ነው የምለው። በሁለተኛው መስመር ስሙን ብለውጠው ገዢው ሌላ ዓይነት ቡና የጨመርሁለት ይመስለዋል። አንቺም አንድ ነገር ከሆነ የምታወሪው አንድ ስም ይበቃዋል» አላት። መምህሩ ውልና ድርሰት አንድ አይደሉም ብለው መለሱለት፤ ለአፍታም ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር።

ክርክሩን ያበሰለችው ፋርማሲስቷ ናት። ስለ «ጀነሪክ» ብዙ አልተናገረችም፤ ፓራሲታሞል የመድኃኒቱ ጀነሪክ ስም፣ ፓናዶል ደግሞ የንግድ ስሙ እንደሆነና ቃሉ የመስፋፋት ሳይሆን የወገን ቃል እንደሆነ ተናግራ አለፈችው። በ«ፕሪቫለንት» ላይ ግን መምህሩን አልለቀቀቻቸውም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ በእኛ ሙያ ይህ ቃል ጌጥ አይደለም፤ ከጀርባው ስሌት አለው። በአንድ ወቅት ከሕዝቡ መካከል ስንት እጁ በሕመሙ ተይዞ እንደሚገኝ የሚነግረን ፕሪቫለንስ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የታመሙትን ስንቆጥር ደግሞ ኢንሲደንስ እንላለን» አለች።

ተማሪዋ ያን ጊዜ ነቃ አለች፤ በእርሷ ሙያ ሁለቱ ቃላት ሌላ ነገር ይለካሉና። በዕፅዋት በሽታ ቅኝት ፕሪቫለንስ የሚባለው ከተጎበኙት ማሳዎች መካከል በሽታው የተገኘባቸው ድርሻ ሲሆን፣ ኢንሲደንስ በየማሳው ከታዩት ዛፎች ወይም ፍሬዎች መካከል የታመሙት ድርሻ ነው። የጉዳቱ ክብደት ለብቻው ይለካል። 20 ማሳ ተጎብኝቶ በ18ቱ በሽታው ተገኘ፣ በየማሳው ግን ከ100 ዛፍ የታመሙት 5 ብቻ ናቸው እንበል። ፕሪቫለንሱ 90 በመቶ ነው፤ በሽታው ሰፊ ቦታ አዳርሷል፣ ነገር ግን ዛፍ በዛፍ ሲታይ ብዙ አይገኝም። ለዚህ ሁኔታ «ዋይድስፕሬድ» ትክክል ሲሆን «ኮመን» ሐሰት ይሆናል፤ «ጀነራል» ደግሞ አንባቢውን ከሁለቱም ሳያደርሰው ይቀራል። መምህሩ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ከዝርዝሩ ላይ መምረጥሽ ሳይሆን መቁጠርሽ ነው የሚቀድመው» አሉ። የተሸነፉ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ ግን አሳመናቸው።

ወደ አማርኛውም መግባታችን አልቀረም። ተማሪዋ «አጠቃላይ» ብላ ያሰበችውን ሁሉ «ጀነራል» ብላ እንደ ጻፈች ያወቅነው ጽሑፉን መልሰን ስናየው ነው። «አጠቃላይ ምርት» ለማለት «ጀነራል» ጽፋለች፤ እዚያ የሚያስፈልገው የድምር ቃል፣ ማለትም «ቶታል» ነበር። የእኛ ጠቅላይ፣ ጠቅላላና አጠቃላይ ከአንድ ግንድ ወጥተው በእንግሊዝኛ የተለያየ ቦታ ያርፋሉ፦ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ላይ «ጀነራል» የሚለው ቃል አለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ላይ የለም። ነጋዴውም በኦሮምኛ «ዋሊገላ» የሚለው ቃል ለአጠቃላይ ሆስፒታልም፣ ለኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እንደሚያገለግል ጣልቃ ገብቶ ነገረን፤ እንግሊዝኛው ለሁለተኛው «ሱፕሪም» ይላል።

ክርክሩ በስምምነት አልተቋጨም፤ የእኔን ፍርድ ልጻፍ። አማካሪው ቃሉን መክበቡ ተገቢ ነበር፤ «ሌላ ቃል ፈልጊለት» ማለቱ ግን ተማሪዋን ወደ ዝርዝሩ እንጂ ወደ መረጃዋ አልመራትም። እኔ ብሆን «በአጠቃላይ» ለማለት ብቻ በየዓረፍተ ነገሩ መግቢያ የተቀመጡትን አስቀድሜ እሰርዝ ነበር፤ ቢወጡ የሚጎድል ሐሳብ የለምና። በሽታው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ ወደ ዋና ዋና ቡና አብቃይ አካባቢዎች መዛመቱን የምትገልጸው ዓረፍተ ነገር ስለ ቦታ ስለምትናገር «ዋይድስፕሬድ» ይገባታል። «አጠቃላይ ሆስፒታል» የተባለውን የጤና ተቋም የሚጠራው «ጀነራል» ግን አይነካም፤ የደረጃ ስም ነው፣ «ኮመን ሆስፒታል» የሚባል ነገር የለም። «ዩኒቨርሳል» ከጽሑፉ ጨርሶ ይውጣ፤ ሁሉንም ማሳ ያየ የለምና።

የማሳዎቹ ድርሻ በተነገረበት ሁሉ «ፕሪቫለንስ» ይግባ፤ በገጹ ላይ ሦስትም አራትም ጊዜ ቢመጣ ይደገም። በዚህ ነጋዴውን እደግፋለሁ፤ መምህሩ «ለጆሮ ይከብዳል» ቢሉም የተለካውን ነገር ስም መቀያየር ልኬቱን መቀያየር ያስመስላል። ቃሉ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ የማሳ እንጂ የዛፍ ድርሻ መሆኑ በአንድ ሐረግ ይገለጽ፤ ከጤናው ሙያ የመጣ አንባቢ ያለዚያ በራሱ ሙያ ትርጉም ያነበዋል። አማካሪው ይህንንም ድግግሞሽ ቢከበው፣ ተማሪዋ ስሌቱን በኅዳጉ ላይ ጽፋ ትመልስለት።