በጀቱ ተመደበ፤ በሩስ ይቆለፋል ወይ?

አንዲት የቴክሳስ ምክር ቤት አባል ስለ ትምህርት ቤት ደህንነትና ከ2025ቱ ጎርፍ በኋላ ስላለው መልሶ ግንባታ የሰጡትን ማብራሪያ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ስለ በጀት ብዙ፣ ስለ በር ትንሽ ነው የተናገሩት።

በ2022 በቴክሳስ ዩቫልዴ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። የውጭው በር ተዘግቶ ነበር፤ ግን አልተቆለፈም። ገዳዩ ከፍቶ ገባ። ፖሊስ ደግሞ ኮሪደር ላይ 77 ደቂቃ ቆመ። በ2023 የወጣው የቴክሳስ ሕግ በየትምህርት ቤቱ የታጠቀ ጥበቃ እንዲኖር ያዛል። ይሁን። እኔ ግን ልጄን ሳደርስ መጀመሪያ የማየው የጎን በሩን ነው። አንዳንዴ አየር እንዲገባ ተብሎ በድንጋይ ተደግፎ ክፍቱን አገኘዋለሁ። ያንገበግበኛል! ወላጆች፣ እባካችሁ ስታዩ ዝም አትበሉ። ለርዕሰ መምህሩ ንገሩ።

ወደ ጎርፉ ስንመጣ፣ ጁላይ 4 ቀን 2025 ሌሊት የቴክሳሱ የጉዋዳሉፔ ወንዝ በ45 ደቂቃ 8 ሜትር ያህል ሲሞላ ሰው ተኝቶ ነበር። በኬር ካውንቲ ወንዙ ዳር የማስጠንቀቂያ ሳይረን አልነበረም። አሁን ሕግ ወጥቶለታል። የምክር ቤት አባሏ በሚቀጥለው ማብራሪያቸው ስንት ሳይረን እንደተተከለ ይንገሩን።

ቤታችሁን ጎርፍ የጎዳባችሁ ወገኖች፣ ከፌማ (ከፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መሥሪያ ቤት) “እርዳታ አይገባችሁም” የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ስትደውሉም የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።