ደንበኛው የማያየው ቃል

ጋራዥ በር ላይ «ቶዮታ እንጠግናለን» የሚል ጽሑፍ ያላየ የለም። ይህን አይቶ «የቶዮታ ኩባንያ የራሱ ጋራዥ ነው» ብሎ የሚገባም የለም። ሰውዬው የሚጠግነው ቶዮታ ነው፤ ታዲያ ምን ብሎ ይጻፍ? አሜሪካኖች ግን ሰው በማያየው ቦታ ስለተጻፈ የሌላ ኩባንያ ስም ዓመታት ተካሰዋል።

የድረ ገጽ ኮድ ውስጥ ሜታ ታግ የሚባል ነገር አለ። ባለቤቱ ቁልፍ ቃላት ይደረድርበታል። ጎብኚው አያያቸውም፤ እንደ ጎግል ያለ የፍለጋ ሞተር ግን ያነባቸው ነበር፤ ቃሉን ለሚፈልግ ሰውም ያንን ገጽ ያወጣለታል። በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንዳንዱ የተፎካካሪውን ስም እዚያ መወሸቅ ጀመረ።

ካሊፎርኒያን ጨምሮ የምዕራቡን ግዛቶች የሚዳኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1999 አንድ ጉዳይ ወሰነ። ብሩክፊልድ የተባለ ኩባንያ «ሙቪባፍ» የሚል የፊልም መረጃ ሶፍትዌር ነበረው። ዌስት ኮስት የተባለው የቪዲዮ አከራይ ይህን ስም ሜታ ታጉ ውስጥ እንዳይከት ታገደ። ዳኞቹ ደንበኛው ገጹ ላይ ሲደርስ የማን ቤት እንደገባ እንደሚያውቅ አልካዱም። ግን ምሳሌ አመጡ፤ አውራ ጎዳና ላይ የተፎካካሪህን ስም ለጥፈህ መኪናውን ወደ ራስህ መውጫ እንደማስገባት ነው አሉ። ሰው አንዴ ከወጣ በኋላ መመለሱ ይደክመዋል፣ ካንተው ይከራያል።

ምሳሌው ያምራል። ግን ከአውራ ጎዳና ወጥቶ መመለስ ጣጣ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ አንዴ ተጭነህ ትመለሳለህ።

እዚያው ፍርድ ቤት በ2002 ሌላ ጉዳይ ቀረበለት። ቴሪ ዌልስ የፕሌይቦይ መጽሔት የ1981 የዓመቱ ሞዴል ነበረች። ይህንኑ ድረ ገጿ ላይና ሜታ ታጓ ውስጥ ብትጽፍ መጽሔቱ ከሰሳት። ዳኞቹ ሜታ ታጉን ፈቀዱላት። እውነት ነዋ! ሌላ በምን ቃል ትግለጸው? የገጿን ጀርባ እንደ ግድግዳ ወረቀት በማዕረጉ ምህጻር መሙላቷን ግን አልወደዱላትም። ይኼ ሚዛን ለእኔ ትክክል ነው።

በ2009 ደግሞ ጎግል የቁልፍ ቃል ሜታ ታግን የፍለጋ ውጤቶችን በደረጃ ለመደርደር እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ። የመውጫ ምሳሌው ግን ከክርክር አልጠፋም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!

አሁን ጠቡ የተፎካካሪን ስም ለጎግል ማስታወቂያ በቁልፍ ቃልነት ወደ መግዛት ዞሯል፤ ሰው የተፎካካሪውን ስም ሲፈልግ የገዢው ማስታወቂያ ይወጣለታል። በ2024 ሁለት የአሪዞና የጥብቅና ቢሮዎች በዚሁ ጉዳይ እዚያው ፍርድ ቤት ተሟገቱ። በዚህኛው ግን ሰው ተቆጠረ። ማስታወቂያው ለስንት ፍለጋ እንደወጣ ታየ፤ ግራ ተጋብተው ለማስታወቂያው ባለቤት የደወሉት ከዚያ 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ከሳሹ ቢሮ ተረታ። በ1999 እንዲህ ቢቆጠር ኖሮ ስለ አውራ ጎዳና ባልተወራ።