ማስተካከያ፦ ስለ ልብ አጋዡ ፓምፕ
ባለፈው ጽሑፌ «የልብ ደም ሥር መክፈት አደገኛ በሚሆንባቸው ታማሚዎች ላይ ኢምፔላ የተባለው ፓምፕ ሞት እንደሚቀንስ ተረጋግጧል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ሁለት ጥናቶችን አደባልቄያለሁ።

ሞት መቀነሱን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዳንገር ሾክ የተባለው ጥናት ነው። እሱ ግን እኔ እንደጻፍኩላቸው በቀጠሮ የልብ ደም ሥራቸው ስለሚከፈትላቸው ሰዎች አይደለም። በሃርት አታክ የተነሳ ልባቸው ደም መርጨት አቅቶት ሾክ ውስጥ ስለገቡ፣ ማለትም ለሰውነታቸው በቂ ደም ስላልደረሰ ታማሚዎች ነው። እዚያም ቢሆን ፓምፑ የገባላቸው የበለጠ ደም ፈሷቸዋል።

እኔ የጻፍኩበትን ጉዳይ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ፕሮቴክት ሁለት የተባለው ጥናት ነው። ፓምፑን ያወዳደረው ዋናው ደም ሥር ውስጥ ከሚገባ ሌላ የልብ አጋዥ፣ ከፊኛው (ባሉን) ጋር ነበር፤ ልብ ሲያርፍ ከሚነፋው፣ ሊረጭ ሲል ከሚተነፍሰው። በ30 ቀን ውስጥ ሞትን ጨምሮ ከባድ ጉዳት የገጠማቸው በፓምፑ 35.1፣ በፊኛው 40.1 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ጥናቱም ያለጊዜው ተቋርጧል።

ሌላም አለ፦ ፓምፑ «ከልብ ውጭ ይቀመጣል» ብያለሁ። አይደለም። በብሽሽት ደም ሥር ገብቶ ጫፉ ግራው የልብ ክፍል ውስጥ ያርፋል። ከዚያ ደም እየሳበ ወደ ዋናው ደም ሥር ይገፋል።