ስልኩን ማን አስረጀው?

አውስትራሊያ 3ጂ የተባለውን የቆየ የሞባይል ኔትወርክ ዘግታ የተገላገለች መስሏት ነበር። የቴሌኮም ኩባንያዎቹ ቴልስትራና ኦፕተስ መዝጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ነው። እዚያ ቮዳፎንን የሚያንቀሳቅሰው ቲፒጂ ቀድሟቸው ነበር። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ግን ሦስቱም አዲስ ማስጠንቀቂያ ይዘው ብቅ አሉ። አንዳንድ የቆዩ የሳምሰንግ ስልኮች የቮዳፎን ኔትወርክ ብቻ በሚገኝበት ቦታ 000 ሲደወልባቸው ላይሠሩ ይችላሉ ተባለ። 000 እዚያ አገር የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ስልኮች በሶፍትዌር ማሻሻያ ይድናሉ። ጋላክሲ ኤስ6ንና ኤስ7ን የመሳሰሉት ግን ይቀየሩ፤ ካልተቀየሩ ይዘጋሉ ተባለ።

ይህን ዜና ተከትሎ የሚመጣውን መልስ ታውቁታላችሁ። «ስልኩ አሮጌ ነው። ቴክኖሎጂ ማንንም አይጠብቅም። አዲስ ግዙ።»

ውሃ የማያነሳ መልስ ነው። ኤስ7 እኮ 4ጂ ስልክ ነው። 3ጂ ከተዘጋም በኋላ ወራትን ሙሉ ሲደወልበት ነበር። ባትሪው አልሞተም፣ ስክሪኑ አልተሰበረም። ጉዱ ያለው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ኔትወርኮች ጠፍተው ቮዳፎን ብቻ ሲቀር፣ የአደጋ ጥሪውን በ3ጂ አስተላልፍ ይለዋል። የቮዳፎን 3ጂ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል። ስልኩ የሌለ ኔትወርክ ፍለጋ ይባዝናል። ይህን ትእዛዝ የጻፈው የስልኩ ባለቤት ነው እንዴ?

ጉዳዩ ከሳምሰንግ ይሰፋል። 4ጂ ሲሠራ በዋናነት የታሰበው ለኢንተርኔት ነው። በ2ጂና በ3ጂ ድምፅ የሚተላለፍበት መንገድ 4ጂ ውስጥ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 4ጂ ስልኮች ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዱ ነበር። በ4ጂ ላይ መደወል፣ ቮልቲኢ የሚሉት፣ በኋላ የመጣ ነገር ነው። እሱም ጣጣ አለው። ቺፑ ስለቻለ ብቻ ስልኩ አይደውልም። የኦፕሬተሩ፣ ማለትም የቴሌኮም ኩባንያው፣ ሴቲንግ ሶፍትዌሩ ውስጥ መግባት አለበት። የሚያስገባው አምራቹ ነው። ኦፕሬተሩ ፈትሾ ያጸድቃል። ወይም አያጸድቅም፤ ማን ይጠይቀዋል?

ውጤቱን አስቡት። ሁለት ስልኮች ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣ ቺፓቸው አንድ፣ ፋብሪካቸው አንድ። አንዱ በተሸጠበት አገር በ4ጂ ይደውላል። ሌላው ድንበር ተሻግሮ ሌላ ሲም ካርድ ሲገባበት ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ቪዲዮ ያሳያል፣ መደወል ግን አይችልም። 3ጂ እያለ ይህን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ጥሪው ዝም ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰውየውም ያወራል። 3ጂ ሲነሳ ግን ገመናው ወጣ።

አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ በፌብሩዋሪ 2022 3ጂን ሲዘጋ ይኸው ነው የታየው። ኩባንያው የሚሠሩ ስልኮችን ዝርዝር አወጣ። ቮልቲኢ እያላቸው ዝርዝሩ ውስጥ ያልገቡ ስልኮች ውጭ ቀሩ። እነዚህንም «አሮጌ» እንበላቸው? ያረጀ ነገር የለም። የጎደላቸው ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ኩባንያ አዳዲስ ስልክ የሚሸጥም ነው። ይህን በአጋጣሚ የሆነ አድርጎ ማየት የሚችል ሰው ይመቸው፤ እኔ አልችልም።

አውስትራሊያ ደግሞ ነገሩን ደንብ አደረገችው። መደበኛ ጥሪን በ4ጂ የሚያስተናግዱ፣ 000 ሲደወል ግን 3ጂ የሚፈልጉ ስልኮች መኖራቸው ትልቅ ወሬ የሆነው መዝጊያው ሲቃረብ ነው። የመዝጊያው ቀን ተገፋ። ከዚያ ኦፕሬተሮች እንዲህ ያለውን ስልክ ለይተው ጭራሽ አገልግሎት እንዲከለክሉት ታዘዘ። ከውጭ የተገዙ ስልኮችም ተጠርገው አብረው ሄዱ። ባለቤቶቻቸው «ኧረ ይሠራል!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። አምቡላንስ መጥራት የማይችል ስልክ ላይ መተማመን አደገኛ ነው፤ እሺ። ግን ጥፋቱ የአምራቹና የኦፕሬተሩ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ለምን በተጠቃሚው ኪስ ላይ ያርፋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ለነገሩ ተጠቃሚው የቤት ሥራም ተሰጥቶት ነበር። ከመዝጊያው በፊት «3» ብላችሁ ወደ 3498 ላኩ፣ ስልካችሁን አረጋግጡ ተብሏል። ደግ ነው። ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ዓመት ሙሉ ያላዩትን የሳምሰንግ ጉድለት ታዲያ ተጠቃሚው በየትኛው ላቦራቶሪ ሊያገኘው ነበር? የቮዳፎን ሲግናል ብቻ ያለበት ገጠር ሄዶ፣ ለሙከራ 000 ደውሎ?

ፍሪኩዌንሲው ለሌላ ሥራ ይፈለጋል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ቴልስትራ 3ጂ ይዞት የነበረውን 850 ሜጋኸርዝ ለ5ጂ አውሎታል። ይዘጋ። እኔ 3ጂ ይቀመጥልኝ አላልኩም። ግን ጀርመን ውስጥ በ2021 3ጂ ሲዘጋ 2ጂ ቀርቷል፤ ቮልቲኢ የማይችል ስልክም በ2ጂ መደወሉን ቀጠለ። አውስትራሊያ ውስጥ ግን 2ጂ በ2018 አልቆለት ስለነበር ከሥር የሚይዝ ነገር አልነበረም። ይህንን የመረጠው ስልኩን የገዛው ሰው አይደለም።

ስለዚህ ሂሳቡን የመረጠው ይክፈል። ኔትወርክ የሚዘጋ ኩባንያ፣ በእሱ ውሳኔ የሚቆመውን እያንዳንዱን ስልክ ወይ ያስተካክል ወይ በራሱ ገንዘብ ይተካ። አምራቹም የሸጠውን ስልክ የኦፕሬተር ሴቲንግ የሚቆልፍበት ምክንያት የለም። ይክፈተው። ቮልቲኢ የሚችል ስልክ ሲም የገባበት ቦታ ሁሉ ይደውል።

ተራው ወደ 2ጂ እየሄደ ነው። የብሪታንያ ኦፕሬተሮች ከ2033 እንደማያሳልፉት ተናግረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከማርች 2018 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ግጭት ሲደርስባቸው በራሳቸው ወደ አደጋ ጥሪ ቁጥሩ 112 እንዲደውሉ አስገድዷል። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የሚደውሉት በ2ጂና በ3ጂ ነው። የእነዚያ መኪኖች ባለቤቶችስ ምን ሊባሉ ነው? መኪናችሁ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ?