ወላጆች ሆይ፣ ኩረጃውን የጀመረው ልጃችሁ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይልም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በታክሲ፣ በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ስብሰባ አንድ ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። ሁሉም «ፍትሕ የለም» ይላል። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ግን አብዛኛው ሰው የሚለው «የእኔ ልጅ ቀረ» ነው። ያው ሰው ከጥቂት ዓመት በፊት ታላቅየው በሰው ወረቀት ሲያልፍ ድግስ ደግሶ ጠርቶናል። በልተናል፣ መርቀናል። ፍትሕ የሚባል ነገር ያን ቀን ማንም አላነሳም።

በጥር 2015 የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤት ሲያሳውቁ አገር ደነገጠ። 900 ሺህ ገደማ ከሚሆኑት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ያለፉት ደግሞ 1.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ሆኑ። ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተወሰዱበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ አለፈ፤ በ2016 ፈተና 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4።

ያኔ ወቀሳው ሁሉ ወደ ፈተናው ሄደ። ጥያቄው ከበደ ተባለ። ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው መፈተናቸው አስጨነቃቸው ተባለ። መንግሥት ሆን ብሎ ጣላቸው ያለም አለ። ከዚህ ውስጥ እውነት ያለበት አይጠፋም። ወታደርና ፖሊስ በቆመበት ግቢ፣ በማያውቁት ከተማ መፈተን ለ18 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ግን ማንም ጮክ ብሎ ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር። ከዚያ በፊት እንዴት ነበር የሚያልፉት?

እስቲ እንነጋገር። ያ ሁሉ ዓመት በሰፈራችን ትምህርት ቤት ፈተናው እንዴት እንደሚሰጥ አናውቅም ነበር? ለፈታኞች መስተንግዶ ተብሎ ገንዘብ ሲዋጣ፣ በጉ የታረደው ለእንግዳ አክብሮት ብቻ ነው? ጎበዙ ተማሪ ቀድሞ ሠርቶ ወረቀቱ ክፍሉን እንዲዞር ሲደረግ፣ እምቢ ያለው ልጅ ከግቢ ውጭ ሲጠበቅ፣ አንዳንዱ መምህር መልሱን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ርዕሰ መምህሩ ከወረዳ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር በር በሩን ሲያይ፣ ይህ ሁሉ የልጆች ብልጠት ነበር? ተማሪ ፈታኝ አይመድብም። በግም አይገዛም።

«ማንን ጎዳን? ሁሉም ይኮርጅ የለ» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እንግዲያው ማንን እንደጎዳን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ መቁረጫ ነጥቡ የሚወጣው ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ነበር። ብዙ ሰው ከፍ ያለ ነጥብ ካመጣ መቁረጫውም ከፍ ይላል። ስለዚህ በአንድ ከተማ አንድ ሙሉ ክፍል መልስ ሲታደለው የራሱን ነጥብ ብቻ አልጨመረም፤ የአገሩን መቁረጫ ወደ ላይ ገፋው። መኮረጅ በማይቻልበት ወይም ባልተፈቀደበት ትምህርት ቤት ራሷ አንብባ፣ ራሷ ሠርታ በሁለት ነጥብ የቀረች ልጅ አለች። ማን እንደጣላት አታውቅም። እሷ «አልሞላልኝም» ብላ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። የእኛ ልጅ የእሷ አልጋ ላይ ተኝቶ አራት ዓመት ተምሯል። ስሟን ስለማናውቅ እንቅልፍ አልነሳንም።

ግንቦት 2008ን አስታውሱ። የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣና ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ያወጣነው እኛ ነን ያሉት ውጭ አገር የሚኖሩ የኦሮሞ አክቲቪስቶች ምክንያታቸውን አልደበቁም። በተቃውሞው ጊዜ በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ነበር፤ ፈተናው ይራዘም ብንል ሰሚ አጣን አሉ። ጥያቄው ራሱ ትክክል ነበር። ለወራት ክፍል ያልገባን ልጅ ሙሉ ዓመት ከተማረ ልጅ ጋር በአንድ ቀን አስቀምጦ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ያን ጊዜ ስለዚያ ልጅ ያወራነው? የማውቀው አንድ አባት በዚያ ሳምንት ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ለአገር ያዘነ መስሎኝ አጽናናሁት። ለካ መልስ ሊያመጣለት ቃል ለገባ ደላላ ብር ከፍሎ ኖሯል። «አሁን ሰውየው ብሬን አይመልስልኝም» አለኝ። ሀፍረት የሚባል ፊቱ ላይ የለም።

ከዚያ በኋላ በ2009 እና በ2011 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ባንኩ፣ ነጋዴው፣ ጋዜጠኛው ሁሉ ተጎዳ። መንግሥትን ወቀስን፤ መወቀስም ነበረበት። እኛን ግን የወቀሰን የለም። ደላላው የሚሸጠው ገዢ ስላለው ነው።

ከሁሉ የሚብሰኝ የጦርነቱ ጊዜ ነው። በሰሜን ወሎና በዋግ ኽምራ የነበሩ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር መፈተን አልቻሉም፤ በ2014 በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ጦርነት ላለፈባቸው አካባቢዎች መቁረጫው ዝቅ ተደረገ። በትግራይ ደግሞ ትምህርት ቤት ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ ተማሪዎች የተፈተኑት በ2016 መጀመሪያ ነው። 12ኛ ክፍልን ያለ ጢም ጀምሮ ወረቀቱን ጢም አብቅሎ ያገኘ ልጅ አለ። ለእነዚህ ልጆች የተለየ መለኪያ ማበጀት ለማንም አያስቀናም፤ ሊያስቀናም አይገባም ነበር።

እኛ ግን ምን አደረግን? ክልል በክልል ቆጠርን። የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ይመስል «እናንተ ስንት አገባችሁ» ተባባልን። የእኛ ወገን ልጆች ሲወድቁ ሴራ ነው። የእነዚያ ሲወድቁ ስንፍና ነው። የእነዚያ ሲያልፉ ተሰጥቷቸው ነው። ፌስቡክ ላይ ይህን የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ አገር ውስጥም ውጭም ያላችሁ፣ ቆም በሉ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በአንድ ብሔር ሰፈር የተከማቹ አይደሉም። አብዛኞቻችሁ ደግሞ «ስለ ወገኔ ልጆች» እያላችሁ የምትጮኹት ልጃችሁ የማይማርበትን ትምህርት ቤት ይዛችሁ ነው።

ስለ ልዩ ድጋፍም የምትሉትን እሰማለሁ። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጆች መቁረጫ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ «ታዲያ ችሎታ የት አለ?» የምትሉ አላችሁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ድጋፉ ለሚገባው ደርሷል ወይ፣ ከተማ ያደገ የባለሥልጣን ልጅ በአርብቶ አደር ልጅ ስም ገብቷል ወይ ብሎ መመርመር ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጃችሁ ከኬጂ ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት የተማረች፣ ማታ ማታ አስጠኚ የሚመጣላት፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ያላት ከሆነች፣ ውሃ ቀድታና እንጨት ለቅማ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ ለምትማር ልጅ የተጨመረው ነጥብ ለምን ያንገበግባችኋል? ለእናንተም ልጅ እኮ ተጨምሮላታል። የተጨመረላት በእናንተ ኪስ በኩል ስለሆነ ድጋፍ አልመሰላችሁም። ደግሞ ልዩ ድጋፉን ሲያማ የሚውል ሰው መቁረጫው ዝቅ እንዲልለት ብሎ ልጁን ለአንድ ዓመት ወደዚያው ክልል ልኮ ሲያስመዘግብ አይቻለሁ። ይህን ምን ልበለው?

ምደባ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ሩጫ አለ። ትናንት ኳስ ሲጫወት የነበረ ልጅ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው በድንገት አስም ይይዘዋል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይወጣለታል። በልዩ ሁኔታ መመደብ የተፈቀደው በእውነት ለታመመ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ አራስ ለሆነች እናት ነው። ሐሰተኛው ወረቀት ሲበዛ መርማሪው ሁሉንም መጠርጠር ይጀምራል። ከዚያ በእውነት ኩላሊቱን የታመመው ልጅ ሐኪም ቤትና ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ሲጀምር አንድ ዘመዴ ደውሎልኝ ነበር። ልጁ ምን ምን ያንብብ የሚል መስሎኝ ብዕር አነሳሁ። «እዚያ የምታውቀው ሰው አለ?» ነው ያለኝ።

እሺ፣ ልጁ እንደምንም ገባ እንበል። ከዚያስ? በ2015 ክረምት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ጀመረ። 150,184 ተፈትነው ያለፉት 61,054 ናቸው፤ 40.65 በመቶ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ያህል ሲያልፍ፣ በግል ተቋማት 17.2 በመቶ ብቻ አለፈ። እነዚህ ልጆች ዓመታት ከፍለው፣ ጋውን ተከራይተው፣ ፎቶ ተነስተው ነው የወደቁት። ብዙ ቤተሰብ መሬት ሸጦ፣ ዕቁብ ጥሎ ያስተማረ ነው። ኮሌጆቹን ተጠያቂ አድርጉ፤ ትክክል ናችሁ። ግን በ10ኛ ክፍል ክፍልፋይ መደመር የማይችል ልጅ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ በየዓመቱ ሲያልፍ ካርዱ ላይ የፈረመው ወላጅ ማን ነበር?

መምህራን ላይ ብዙ አልናገርም። ደመወዛቸውን አውቃለሁ፤ ወር የማያደርስ ነው። መኮረጅን የከለከለ መምህር በየከተማው ምን እንደሚደርስበትም አውቃለሁ። የሚዝተው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ አባቱ ነው ደጃፍ ድረስ የሚመጣው። ይህን መምህር ስንት ጊዜ ከጎኑ ቆምንለት? «ክፉ ነው፣ ልጆቻችንን አስጨረሰ» ብለን ነው የሸኘነው። ይልቅ መልስ የሚያድለው «የሕዝብ ልጅ» ተባለ።

አሁን 12ኛው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሄደ ነገሩ የተዘጋ እንዳይመስላችሁ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው እዚያው አካባቢያችን ነው የሚሰጠው። እዚያ የለመደ ልጅ ነው ከአራት ዓመት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጎኑን የሚያይ። ጎኑ ደግሞ ማንም የለም። ከዚያ እናንተ ታለቅሳላችሁ፣ እሱም ያለቅሳል፣ «ሪሚዲያል ይገባል ወይ» እያላችሁ፣ ላላለፉ ልጆች የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት ትጠይቁኛላችሁ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ውጤት ከወጣ በኋላ የምትሄዱበትን መንገድ አሁን ሂዱት። ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ግቡ። ባለፈው ዓመት ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ በሉ። የፊዚክስ መምህር አለ ወይስ የስፖርት መምህሩ ነው የሚሸፍነው? የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ኮምፒውተሩ የቆመው ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ካርቶን ውስጥ? ፈተናው ወደ ኦንላይን እየሄደ ነውና ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው፤ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ በፈተና ቀን እንዲማረው አይጠበቅም። መልስ ካላገኛችሁ ወረዳ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ዕድሩን ይዛችሁ ሂዱ። ለለቅሶ ድንኳን የምንተክል ሰዎች ለአንድ የሒሳብ መምህር ተሰልፈን መቆም አያቅተንም።

ግንቦት ሲመጣ ደግሞ በወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ለፈታኞች መስተንግዶ ትንሽ እናዋጣ» ይላል። ሁልጊዜ ይላል። ያኔ ዝም ብላችሁ ኪሳችሁን አትዳብሱ። ተነሱና ገንዘቡ ለምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ በምን ደረሰኝ እንደሚወጣ ሁሉም በተሰበሰበበት እንዲያስረዳ አድርጉት።